እየኖርኩ ነው

ሰሞኑን የእናቴን ቤት ቆርቆሮ ላስቀይር ብዬ ዕቃ ሳወጣ፣ ከሳጥኗ ውስጥ፣ ከሁሉም ሥር፣ አንድ ፖስታ አገኘሁ። ዳር ዳሩን ቀይና ሰማያዊ የተሰመረበት፣ ያ ድሮ ከውጭ አገር ይመጣ የነበረው ዓይነት ነው። ማኅተሙ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሲሆን ዓመቱ 2000 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ 1992 መሆኑ ነው። አድራሻው የእናቴ ነው። በጀርባው ግን በእህቴ እጅ ጽሑፍ «ለወንድሜ ይሰጥ» ይላል። እህቴ ከእኔ ሌላ ወንድም የላትም። እንግዲህ ለእኔ የተላከ ደብዳቤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ከዕድር ደብተርና ከአባቴ የጡረታ ወረቀት ጋር ተኝቶ ከርሟል።

ስከፍተው መጀመሪያ ያወቅሁት የእሷን ሳይሆን የራሴን እጅ ነው። ቀይ እስክሪብቶ። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር፤ ለጀማሪዎች የእንግሊዝኛ ሰዋስው ማስተማርም በየተራ ይደርሰን ነበር። ቀይ እስክሪብቶ ከኪሴ አይጠፋም። ጋዜጣ እንኳ ሳነብ እያረምኩ ነበር የማነበው።

እህቴ በ1991 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ገባች። እንደገባች ማታ ማታ እንግሊዝኛ መማር ጀመረች። አስተማሪዋም «አዲሱ ኑሮዬ» በሚል ርእስ አንድ ገጽ ጻፉ ብላ አዘዘቻቸው። እህቴ ጻፈች፤ ተመሰገነች፤ ደስ አላት። ደስ ስላላት ወረቀቱን ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ላከችልኝ። አስተውሉ፤ አርምልኝ አላለችም። እየው ነው ያለችኝ። ማትሪክ ላይ በእንግሊዝኛ «ዲ» ያመጣች ልጅ ለእንግሊዝኛ መምህር ወንድሟ «እየው» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ለመረዳት የሥነ ጽሑፍ ዲግሪ አያስፈልግም። እኔ ግን ዲግሪው ስለነበረኝ አልገባኝም።

ወረቀቱ የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው፤ «አይ አም ሊቪንግ ኢን ሲልቨር ስፕሪንግ። አይ አም ወርኪንግ ኢን ኤ ፓርኪንግ። አይ አም ሼሪንግ ዋን ሩም ዊዝ ቱ ኢትዮጵያን ገርልስ።» ሦስቱንም በቀይ ሰርዤ «አይ ሊቭ»፣ «አይ ወርክ»፣ «አይ ሼር» ብያለሁ። ኅዳጉ ላይ ደግሞ «ፐርማነንት ነው፤ ሲምፕል ፕረዘንት ተጠቀሚ!» ብዬ ከነቃለ አጋኖው ጽፌያለሁ። ከታች፣ ወይ ነዶ፣ ማርክ ሰጥቻታለሁ። 6 ከ10።

እንደዚያው አድርጌ መልሼ ላክሁላት። ከዚያ በኋላ ስለ ወረቀቱ አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔም ረስቼዋለሁ። ለካ እሷ መልሳልኝ ኖሯል። በቀይ የጻፍኩትን ሁሉ በሰማያዊ ሰርዛ፣ ከላዩ «አይ አም ሊቪንግ» የሚለውን መልሳ ጽፋ፣ ከእኔ ቃለ አጋኖ ጎን በአማርኛ አንድ መስመር ጨምራለች፤ «ማነው ፐርማነንት? እኔ ለጊዜው ነው።»

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም ነበር። ግን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል ቆጥራለች፤ ያቺን የአማርኛ መስመር ሳታነብ አልቀረችም። ባታነባትም፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ሲጣላ ለማየት ቋንቋ አያስፈልግም። ልጆቿ እንዳይጣሉ ብላ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው።

ታዲያ ማናችን ነበርን ትክክል?

እንግሊዝኛ ተምራችሁ ለረሳችሁ፣ ወይም እንደ ብዙዎቻችን ተምራችሁ ላልገባችሁ፣ ጉዳዩ ይኼ ነው። እንግሊዝኛ ለአሁን ጊዜ ሁለት በር አለው። በአንዱ የሚገባው ዘወትር የሚሆነው ነገር ነው፤ የሰው ልማዱ፣ ሥራው፣ የማይናወጠው እውነት። ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች፤ አባቴ ያርሳል፤ ጠዋት ጠዋት ቡና እጠጣለሁ። ይኼ ሲምፕል ፕረዘንት ነው። በሌላው በር የሚገባው ተጀምሮ ያላለቀው፣ ዓይናችን እያየ የሚሆነው፣ ነገ ሊቀር የሚችለው ነው። እሱ ግሡ ጭራ ላይ «ኢንግ» ይቀጥልና ፕረዘንት ኮንቲኒየስ ይባላል።

እኛ እንዴት ተማርነው? በአደን። መምህራችን ጥቁር ሰሌዳውን ለሁለት ይከፍሉና በአንዱ ወገን «ኤቭሪ ዴይ፣ ኦልዌይስ፣ ዩዥዋሊ»፣ በሌላው ወገን «ናው፣ አት ዘ ሞመንት፣ ሉክ!» ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ ዓረፍተ ነገር ማንበብ ቀረ። ሥራችን ቃሏን ማደን ሆነ። «ናው» ከተገኘች «ኢንግ»፤ «ኤቭሪ ዴይ» ከተገኘች «ኤስ»፤ ሁለቱም ከሌሉ ከጎን የተቀመጠው ልጅ። «ሉክ!» የምትለዋ ቃልማ በጣም ታሳዝነኝ ነበር። «ሉክ! ዘ ባስ» ትልና ባዶ ቦታ ነው። ዕድሜ ልኬን በእንግሊዝኛ «ሉክ!» ያለኝ የፈተና ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱም ያሳየኝ አውቶቡስ የለም።

እኔም መምህር ስሆን ያንኑ ሰሌዳ ለሁለት ከፈልኩት። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ደግሞ ፊዚክሱም ታሪኩም በእሱ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ መጣና ትምህርቱ ከሳተላይት ይወርድ ጀመር። ተማሪው አፉን ሳይከፍት «ቬሪ ጉድ» ብሎት የሚያልፍ አስተማሪ በቴሌቪዥን አገኘን። ልጆቹ ይህን ሁሉ ዓመት «ናው»ን ሲያድኑ ኖረው እኔ ክፍል ሲገቡ ግን «አይ አም አንደርስታንዲንግ ዩ ቲቸር» ይሉኛል። «አይ አም ኖዊንግ ሂም» ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ። አሁን ሳስበው የሚሳቅበት እኔ ነበርኩ። ስህተቱ ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩማ።

ስህተቱ የመጣው ከቤት ነው። አማርኛ የአሁኑን ጊዜ በር እንደ እንግሊዝኛ አልለየም። አንድ ሰው «ምን ትሠራለህ?» ቢለኝ «መምህር ነኝ» ልለው እችላለሁ። መንገድ ዳር ቆሜ ካገኘኝ ደግሞ «ሰው እየጠበቅኩ ነው» እለዋለሁ። ጥያቄው ያው አንድ ነው፤ የትኛውን እንደጠየቀኝ የሚነግረኝ የቆምኩበት ቦታ ነው። «ይመጣል» ስንልስ? ልማዱን መናገራችን ነው ወይስ የነገውን? ሁለቱንም ይሆናል። የቅኔ ቤት ሰዎች ግሥ ሲያወርዱ ኃላፊ፣ ትንቢት፣ ዘንድ፣ ትእዛዝ ብለው ነው። «ቀተለ» ኃላፊ፣ «ይቀትል» ትንቢት። አሁን የሚሆነውንና ገና የሚሆነውን በአንድ አንቀጽ አስረው ስሙን ትንቢት አሉት። ይህ ስም ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እርግጥ «እየ» አለችን። እየበላ ነው፣ እየጻፈ ነው እንላለን። ተማሪውም «ኢንግ» ማለት «እየ» ነው ብሎ ሁለቱን ያጋባቸዋል። ወጥመዱ እዚያ ላይ ነው። አባወራው አልጋቸው ላይ ተዘርረው ያንኮራፋሉ እንበል። እንግሊዙ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ» ይላል። እኛ «እየተኙ ነው» አንልም፤ እንደዚያ ካልን ገና ጫማቸውን እያወለቁ ነው። «ተኝተዋል» ነው የምንለው። ካፖርት የለበሰውን እንግሊዙ «ኢዝ ዌሪንግ» ሲለው እኛ «ለብሷል» እንላለን፤ «እየለበሰ ነው» ካልንማ አንድ እጁ ገና አልገባም። ወንበር ላይ ያለው ሰውም «ተቀምጧል» እንጂ «እየተቀመጠ» አይደለም። እነሱ ያላለቀ የሚሉትን እኛ ያለቀ እንለዋለን። ስለዚህ አንድ ተማሪ «ማይ ፋዘር ሃዝ ስሌፕት» ብሎ ሲጽፍ፣ በአማርኛ ያስተኛቸውን አባቱን በእንግሊዝኛ ቀስቅሷቸዋል ማለት ነው።

ያ «አይ አም አንደርስታንዲንግ» ያለኝ ልጅም እንዲሁ ነው። በአማርኛ መረዳት እንግዳ ነው፤ ይገባል። «ገባኝ» ካልኩ ደፉን አልፎ ተቀምጧል፤ «እየገባኝ ነው» ካልኩ በሩ ላይ ነው። ልጁ ትምህርቱ ቀስ በቀስ ወደ ውስጡ እየገባ እንደሆነ ነበር የነገረኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለመምህር ሲነገረው ይመሰገናል እንጂ ይሳቅበታል እንዴ? ዩኒቨርሲቲ ስማር አንድ ህንዳዊ መምህር ነበሩን። «አይ አም ሃቪንግ ቱ ሰንስ» እያሉ ስለ ልጆቻቸው ያወሩናል። ከኋላቸው እንስቅ ነበር። ዛሬ የቋንቋ ሰዎች ይህን የህንድ እንግሊዝኛ አንዱ ጠባይ ነው ብለው ይመዘግቡታል። ከቤት ይዞት የመጣ ሰው ሲበዛ ስህተት መባሉ ይቀራል ማለት ነው።

ደግሞ «መጣሁ!» አለ። ከጓዳ ስንጠራ «መጣሁ» እንላለን፤ ገና ከመቀመጫችን አልተነሣንም። ሳሪስ ሆኖ በሞባይል «ደረስኩ፤ ፒያሳ ነኝ» የሚለውን የታክሲ ተሳፋሪ አታንሱብኝ፤ እሱ የሰዋስው ሳይሆን የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። «መጣሁ» ግን ውሸት አይደለም። ልቤ ተነሥቷል፣ የቀረው እግሬ ነው ማለት ነው። እንግሊዙ ለዚሁ «አይ አም ካሚንግ» ይላል። እሱ እግሩን ይቆጥራል፤ እኛ ልባችንን።

እንግሊዝኛውም ቢሆን ሰሌዳው ላይ እንደጻፍነው አይደለም። ሼክስፒር «ሃምሌት»ን በጻፈበት ዘመን፣ የዛሬ 400 ዓመት ገደማ፣ ፖሎኒየስ መጽሐፍ የያዘውን ልዑል ምን እንደሚያነብ የሚጠይቀው በሲምፕል ፕረዘንት ነው። ዛሬ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንደዚያ ብሎ ቢጠይቅ ቀይ እስክሪብቶ ይጠብቀዋል። «ኢንግ» ያኔም ነበረች፤ እንደዛሬው ግዴታ የሆነችው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ «ላቭ»ን የመሰለ የስሜት ግሥ «ኢንግ» አይቀጥልም ብለን ስናስተምር፣ ማክዶናልድስ በ2003 እ.ኤ.አ. «አይም ላቪን ኢት» የሚል ማስታወቂያ በዓለም ዙሪያ አስነገረ። አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ታዲያ ይኼስ?» አለኝ። «ማስታወቂያ ነው» ብዬ አለፍኩት። ያ መልስ አልነበረም።

መልሱ ኮንቲኒየስ የሰዓት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የተናጋሪው ዓይን መሆኑ ነው። «ሂ ኢዝ ካይንድ» ካልን ሰውየው ደግ ነው፤ አለቀ። «ሂ ኢዝ ቢዪንግ ካይንድ» ካልን ግን ዛሬ ደግ ደግ ብሎታል፤ ነገን እንጃ። «ኦልዌይስ»ን ሰሌዳው ላይ ከሲምፕል ጋር አስረን ነበር አይደል? ሚስት ስለ ባሏ «ሂ ኢዝ ኦልዌይስ ሉዚንግ ሂዝ ኪይስ» ስትል ግን ከነ«ኦልዌይስ»ዋ ኮንቲኒየስ ነው። የባሏን ልማድ መግለጿ ሳይሆን ምርር ማለቷ ነዋ! ያ «አይም ላቪን ኢት» የሚለውም ሰው ስለ ዘላለም ፍቅር አይደለም የሚያወራው፤ በዚህች ደቂቃ፣ አፉ እንደሞላ፣ እያጣጣመ ነው።

እንግዲህ አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ቀን የገቡ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። አንዱ «አይ ሊቭ ሂር» ይላል፤ ሌላው «አይ አም ሊቪንግ ሂር»። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ ግድግዳው ላይ ሚስማር መትቶ ሥዕል ሰቅሏል፤ ሌላው ሻንጣውን ሳይፈታ አልጋው ሥር አስገብቷል። ልዩነቱ በቀን መቁጠሪያ አይለካም። ኑሮው ዘላቂ ነው ወይስ ጊዜያዊ የሚለውን የሚያውቅ የሚኖረው ሰው ነው። የአሜሪካ መንግሥት እንኳ ለእህቴ በሰጣት ካርድ ላይ «ፐርማነንት ሬዚደንት» ብሎ አትሞላት አልተቀበለችውም፤ የእኔን ቀይ እስክሪብቶ ልትቀበል ኖሯል?

ፖስታውን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ ሌላም ወረቀት ትዝ አለኝ። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስለ ቤተሰቧ ስትጽፍ «ማይ ማዘር ኢዝ ሰሊንግ ኢንጀራ» ብላ ነበር። እኔም «ሰልስ» ብዬ አረምኩት። ቢሮዬ ድረስ መጣች። «መምህር፣ እናቴ እኮ እንጀራ ሻጭ አይደለችም። እኔ እስክመረቅ ነው» አለችኝ። አራት ዓመት በየቀኑ የሚደረግ ነገር ልማድ ይባላል፤ ስለዚህ ሲምፕል ነው ብዬ አስረዳኋት። በትሕትና ሰምታኝ፣ እጅ ነሥታ ወጣች። ሰዋስው የሚያውቀው ማን እንደነበረ አሁን ነው የገባኝ። ልጅቷ ስለ እናቷ ክብር ነበር የመጣችው፤ እኔ ስለ «ኤስ» ነበር የማወራው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። «እየ»ን ለምን ለምን እንደምንጠቀምባት ልብ ብላችኋል? «ኑሮ እንዴት ነው?» ሲባል «እኖራለሁ» ብሎ የሚመልስ ሰው ሰምቼ አላውቅም። «እየኖርን ነው» ነው መልሱ፤ ትከሻ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል። መኖር ከተባለ ማለት ነው። እንግሊዙ ቢሰማው «ለጊዜው ይኖራሉ» ብሎ ይረዳው ነበር፤ ከእውነቱም ብዙ አይርቅም።

መሥሪያ ቤትማ «እየ» ባትኖር ምን ይውጠው ነበር? ጉዳይዎ እየታየ ነው። መንገዱ በመሠራት ላይ ይገኛል። «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እየጠየቅን፣ ችግሩን ለመቅረፍ እየሠራን መሆኑን እንገልጻለን።» እስቲ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብላችሁ እዩዋት። ይቅርታው በመጠየቅ ላይ ነው፤ ገና አልተጠየቀም። ሥራውም በመሠራት ላይ ነው። ተጠናቆ እጃችን የገባው መግለጫው ብቻ ነው። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ አንድ የምወድለት ጠባይ አለው። ቃል ሲሰጥና ይቅርታ ሲጠየቅ ደንቡ «አይ ፕሮሚስ»፣ «አይ አፖሎጃይዝ» ነው፤ «ኢንግ» አይገባበትም። ቃሉ ከአፍ ሲወጣ ሥራው ያልቃል። «ቃል እየገባሁ ነው» ያለ ሰው ገና አልገባም።

ሌላውን ስወቅስ ራሴን እንዳልዘል። ማስተማሩን የተውኩት ልብ ወለድ ልጽፍ ነው ብዬ ነበር። ወዳጆቼ «ምን እየሠራህ ነው?» ሲሉኝ «እየጻፍኩ ነው» እላለሁ። ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ለጋዜጣ እጽፋለሁ፤ ልብ ወለዱን ግን እየጻፍኩ ነው። «እጽፋለሁ» ያለ ሰው የጻፍከውን አምጣ ይባላላ! «እየጻፍኩ ነው» ያለን ሰው ግን ማን ይጠይቀዋል?

እህቴንም እንደ ራሴ ነበር የምቆጥራት። «ለጊዜው» በሚል ቃል ተሸፍና የምትኖር ትመስለኝ ነበር። እሑድ እሑድ ትደውላለች። እናቴ ሰላምታው ሳያልቅ «መቼ ነው የምትመጪው?» ትላታለች። «እየመጣሁ ነው እማዬ፤ ይቺን ትምህርት ልጨርስ።» ቀጥሎ ወረቀቷ፣ ቀጥሎ ትዳሩ፣ ቀጥሎ የቤቱ ዕዳ፣ ቀጥሎ «ልጅቷ ትንሽ ትደግ»። ጎረቤት ሲጠይቃት ደግሞ እናቴ የምትመልሰው በአንድ ቃል ነበር። «ትመጣለች።» ትንቢት አንቀጽ ነው። የእህቴን ክፍል ቆልፋ፣ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጥራ፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ አንሶላውን እየቀየረች ኖረች። እህቴ በ2000 ዓ.ም. ለሚሌኒየሙ መጥታ ሦስት ሳምንት በዚያ አልጋ ተኝታበት ሄደች። እናቴ በ2008 ዓ.ም. አረፈች። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ያገር ልጆች ሌሊት ተሰባስበው፣ ንጋት ላይ የእህቴን በር አንኳኩተው መርዶዋን ነገሯት። በአራተኛው ቀን ደረሰች። ያኔም ያደረችው በዚያው ክፍል ነው።

አሁን ቆርቆሮው ሲቀየር ክፍሉ መከፈቱ ግድ ሆነ። ከደብረ ብርሃን መጥታ እዚህ ሥራ የያዘች የአክስታችን የልጅ ልጅ አለች፤ ከደመወዟ ከግማሽ በላዩን ለቤት ኪራይ ትከፍላለች። ለእህቴ ደውዬ «ክፍሉን ለእሷ ብንሰጣትስ?» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «እኔስ የት ልገባ ነው?» አለችኝ።

የመምህርነት ዓመሌ ተነሣብኝ። «ሃያ ስድስት ዓመት እኮ ነው! ቤት ገዝተሻል፤ ዜግነት ወስደሻል፤ ልጅሽ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። እዚያ ነው የምትኖሪው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም እዚያ ነው የምትኖሪው!» አልኳት።

«እሺ፣ ደህና ሁን» ብላ ዘጋችው። ሦስት እሑድ አልደወለችም። ፖስታውን ያገኘሁት በአራተኛው ሳምንት ነው።

በዚያው ምሽት ደወልኩላት። እዚያ ቀን ነው፤ ሥራ ላይ ነበረች። ከሳጥኑ ያገኘሁትን ነግሬ አነበብኩላት። ሰማያዊውን እንጂ ቀዩን አላነበብኩም።

«እማዬ አልሰጠችህም?» አለች።

«አልሰጠችኝም።»

«እኔ ደግሞ አንብበኸው ዝም ያልከኝ መስሎኝ ነበር።»

ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ መስሏት ኖራለች። ከዚህ በላይ ምንም አላለችም፤ እኔም የምለው ጠፋኝ። በመጨረሻ ይቅርታ ጠየቅኋት። እየጠየቅኩ ነው አላልኩም፤ ጠየቅኋት። 6 ከ10 ብዬ የሰጠኋት ማርክ ስህተት እንደነበረ፣ ዓረፍተ ነገሩ ከነ«ኢንግ»ው ልክ እንደነበረ፣ ያኔ ብቻ ሳይሆን ባለፈው ስጮህባትም ያጠፋሁት እኔ እንደነበርኩ ነገርኳት።

«ተወው ባክህ» አለችኝ። «አሁንማ ልጄም እንዳንተው ታርመኛለች። ‹ማም፣ ዩ ሊቭ ሂር› ትለኛለች።»

«አንቺስ ምን ትያታለሽ?»

«አውቃለሁ እላታለሁ። እውነቴን ነው፤ አውቃለሁ። ግን ልናገረው ስል ከአፌ አይወጣልኝም።»

እኔ ተሸፍናበታለች ያልኩት ቃል ለእሷ መሸፈኛ አልነበረም። እናቴ በየበዓሉ አንሶላ ስትቀይር፣ እሷም በዚያ ማዶ ቃሉን ሳትቀይር ኖራለች። ሁለቱም የሚጠብቁት ያቺኑ አንዲት ክፍል ነበር።

ከዚያ ራሷ አነሣችው። ልጅቷ ስንት እንደምትከፍል፣ ከሥራዋ እስከ ቤቷ ስንት ታክሲ እንደምትይዝ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «አስገባት በቃ» አለች። «አልጋውን ግን እንዳታወጡት። ደግሞ ለጊዜው ነው በላት።»

ልጅቷ ባለፈው ቅዳሜ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። እህቴ እንዳለችው ነገርኳት።

«እሺ ጋሼ» አለችኝ። «እኔም ለጊዜው ነው።»